«ቴክ ኦፍ» ሲሏችሁ የትኛው እንደሆነ እንዴት ትለያላችሁ

ሲቪል ምህንድስና የተማረ ሰው ቴክኦፍ ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት አውሮፕላን ሳይሆን ወረቀት ነው፣ ቴክኦፍ ሺት፣ ልኬት ከፕላን ላይ እየተነሳ የሚጻፍበት። እኔ አዲስ አበባ ኦፊስ ኢንጂነር ሆኜ ስሰራ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምሰማው፣ የግሬድ ቢሙ ቴክኦፍ አልቋል ወይ፣ ቴክኦፉን ከፔይመንቱ ጋር አያይዘው፣ እንደዚ እያሉ። ከዛ አሜሪካ መጣሁና የመጀመሪያ ስራዬ መጋዘን ውስጥ ሆነ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አርብ ከሰዓት ሱፐርቫይዘሩ መጣና ትከሻዬን ቸብ አርጎ «ዩ ካን ቴክ ኦፍ» ብሎኝ አለፈ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ እኮ፣ ሲቪዬን አንብቦት ነው ማለት ነው ብዬ። ወረቀትና እስክሪብቶ ፈልጌ መደርደሪያውን ከአንድ ጫፍ ጀምሬ ካርቶኑን በርዝመት በወርድ በቁመት መመዝገብ ጀመርኩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ሰውየው ተመልሶ ሲያየኝ እስካሁን ለምን አልሄድክም አለኝ። ለካ ዛሬ ስራ ቀዝቅዟል፣ ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ ነው ያለኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ይቺን ቃል እንደ ጠላት ነው የምከታተላት። በስራ ቦታ፣ በሆስፒታል፣ በሱቅ፣ በእርሻ፣ በአየር መንገድ፣ በየሄደችበት ሌላ ልብስ ነው የምትለብሰው። ዲክሽነሪ ከፍታችሁ አስራ ምናምን ትርጉም ብትሸመድዱ አይያዝም፣ ሞክሬዋለሁ፣ በሳምንቱ ይጠፋል። የሚሰራው እንደዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ «ኦፍ» ማለት ማጥፋት ነው የሚለውን ከጭንቅላታችሁ አውጡ

እኛ ኦፍን የምናውቃት ከማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ መብራቱን ኦፍ አርገው፣ ስልኬ ኦፍ ነበር። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል፣ ቴክ መውሰድ ነው ኦፍ ማጥፋት ነው ብላችሁ ስትደምሩት ወስዶ ማጥፋት ይሆንና ምንም ትርጉም አይሰጥም። እዚህ ጋ ያለችው ኦፍ የሌላኛዋ ታላቅ እህት ናት፣ ትርጉሟ ከያዘው ነገር መላቀቅ ነው። አንድ ነገር ሌላ ነገር ላይ ተጣብቆ፣ ተቀምጦ ወይ ተመዝግቦ ነበር፣ አሁን ተላቀቀ። በቃ።

ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። ሸሚዝ ከገላ ሲላቀቅ ቴክ ኦፍ ነው፣ ጎማ ከመሬት ሲላቀቅ ቴክ ኦፍ ነው፣ ከዋጋ ላይ 20 ፐርሰንት ሲላቀቅ፣ ሰው ከስራው ሲላቀቅ፣ ልኬት ከፕላን ላይ ሲላቀቅ፣ ጉልበት ከሞተር ላይ ሲላቀቅ፣ ሁሉም ቴክ ኦፍ ነው። በአማርኛ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አለን፣ ልብስ ይወልቃል፣ አውሮፕላን ይነሳል፣ ዋጋ ይቀነሳል፣ ድስት ይወርዳል። ልብ በሉ፣ አውሮፕላን ወደ ላይ ነው የሚሄደው ድስት ወደ ታች፣ እንግሊዝኛው ግን አቅጣጫው ግድ አይሰጠውም፣ መላቀቁ ብቻ ነው የሚያስጨንቀው።

እና ደግሞ ፈረንጆቹን አንማቸው፣ የኛዋ «ተነሳ» ምን ትሻላለች? ከእንቅልፉ ተነሳ፣ አውሮፕላኑ ተነሳ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ጸብ ተነሳ፣ ከስልጣኑ ተነሳ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ሚኒስትሩ ተነሱ ሲባል ቆመው ነው ወይስ ተባረው ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ደረጃ 2፦ ከቃሉ ጋር የሚወልቅ ዕቃ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ

አረፍተ ነገሩን ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን ማለት ነው የሚለውን ሳይሆን ምንን የሚለውን ነው። ምንን ቴክ ኦፍ አረገ? መልስ ካለ፣ ሰውየው አንድን ነገር ከሌላ ነገር ላይ እያላቀቀ ነው። መልስ ከሌለ ራሱ ባለቤቱ ነው የተላቀቀው፣ አውሮፕላኑ ከመሬት፣ ሰውየው ከቦታው፣ ዝላይ ስፖርተኛው ከመርገጫው፣ ቢዝነሱ ከነበረበት ዝቅታ።

ይቺን አረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ «ሂ ቱክ ኦፍ ሂዝ ጃኬት ኤንድ ቱክ ኦፍ»። የመጀመሪያው ዕቃ አለው፣ ጃኬቱን አወለቀ። ሁለተኛው ዕቃ የለውም፣ እብስ አለ፣ ሄደ። ሱፐርቫይዘሬ ያለኝን ያን ቀን በዚህ መንገድ ብፈትሸው ኖሮ ዕቃ እንደሌለው አይና አንድ ሰዓት ካርቶን አልለካም ነበር።

ዕቃ የሌለውና ባለቤቱ ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። «አይ ጋታ ቴክ ኦፍ» ካላችሁ በቃ ልሂድ ነው፣ ምንም ክፋት የለውም፣ ቡና ጠጥታችሁ ስትነሱ የምትሉት። «ሂ ቱክ ኦፍ» ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ የጥድፊያ ሽታ አለው፣ ዊዝ ዘ መኒ ከተጨመረበት ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ተሰወረ ነው፣ የዕቁብ ሰብሳቢ ታሪክ ላይ የምትሰሙት። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ ሰው ፊታችሁ ቆሞ «ቴክ ኦፍ!» ካላችሁ ሂድ ከዚህ ጥፋ ማለቱ ነው፣ አትከራከሩ።

ደረጃ 3፦ የቆማችሁበትን ቦታ እዩ

እዚህ ጋ ነው ሰፋ የሚለው፣ ምክንያቱም ቃሉን የሚተረጉመው ሰዋስው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ነው።

*ኮንስትራክሽን።* የራሴ ስለሆነ በሱ ልጀምር። ቴክኦፍ ማለት ከድሮዊንግ ላይ ልኬትን እያነሱ መጻፍ ነው፣ ቃሉም ከዛ ነው የመጣው፣ መጠኑ ከወረቀቱ ላይ እየተላቀቀ ወደ ሠንጠረዥ ይሄዳል። ሺቱ አራት ዓምድ አለው፣ ታይምሲንግ፣ ዳይሜንሽን፣ ስኩዌሪንግ፣ ዲስክሪፕሽን። ታይምሲንግ ላይ ስንት ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ትጽፋላችሁ፣ ዳይሜንሽን ላይ ርዝመቱን ወርዱን ቁመቱን አንዱን ካንዱ ስር፣ ስኩዌሪንግ ላይ ብዜቱን፣ ዲስክሪፕሽን ላይ ምን እንደሆነ። ለምሳሌ 20 ፉቲንግ ፓድ፣ የአምድ መሠረት ማለት ነው፣ አላችሁ እንበል፣ እያንዳንዱ 2.00 በ2.00 በ0.40 ሜትር፣ የአንዱ 1.60 ሜትር ኩብ ይመጣል፣ ሲባዛ 32 ሜትር ኩብ ኮንክሪት። የግድግዳ ከሆነ በርና መስኮቱን መቀነስ አትርሱ፣ 5 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 15 ካሬ ነው፣ 0.90 በ2.10 የሆነ በር ካለው 1.89 ይወጣለትና 13.11 ይቀራል። ጀማሪ ልጆች ሁልጊዜ የሚረሱት ይሄን ዲዳክሽን ነው፣ ከዛ ስራውን የሚቆጣጠረው ኮንሰልታንት ይቀንሰውና ፔይመንቱ ሲመለስ ለቅሶ። የብረቱ ለብቻው ባር ስኬጁል፣ የብረት ዝርዝር፣ ይሰራለታል፣ ሁሉም ተጨምቆ ቢኦኪው ውስጥ፣ የስራው መጠንና ዋጋ ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

አሁን ለዳያስፖራ ኢንጂነሮች አንድ ነገር፣ ቃሏ እዚህም አለች። የአሜሪካ የስራ ማስታወቂያ ላይ ኤስቲሜተር፣ የግንባታ ወጪ ገማች፣ የሚለውን ፈልጉና አንብቡት፣ ኳንቲቲ ቴክኦፍ የምትል መስመር አታጡበትም። ብዙ ልጅ አገር ቤት ለዓመታት የሰራውን ይሄን ስራ ሲቪው ላይ ሳይት ኢንጂነር ብሎ ብቻ ጽፎ ያልፈዋል፣ ቴክኦፍ የሚለውን በስሙ ጻፉት እንጂ! እኔን ከመጋዘን ያወጣችኝ እሷ ናት፣ ያቺው የሸወደችኝ ቃል። ልዩነቱ መለኪያው ነው፣ እዚህ በፊትና በኩቢክ ያርድ ነው፣ ያ 32 ሜትር ኩባችን ወደ 42 ኩቢክ ያርድ ገደማ ይሆናል፣ ፕላኑ ላይ ደግሞ ኢንችና ክፍልፋይ እየቀላቀሉ ስለሚጽፉ መጀመሪያ ትንሽ ያዞራል።

*አቪዬሽን።* ይሄኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ብዬ ልዘለው ነበር ግን አይዘለልም። አብራሪ ቴክኦፍ ሲል ጎማው ከመሬት የሚለቅበትን ሰከንድ ብቻ ማለቱ አይደለም፣ ራንዌዩ ላይ ሞተር ሰጥቶ መንደርደር ከጀመረበት አንስቶ ያለውን ሂደት ነው። በመሃል ቪ ዋን የሚሏት ፍጥነት አለች፣ ከሷ በፊት ችግር ከመጣ ያቆማል፣ ከሷ ካለፈ በቃ ችግሩን ይዞ ይነሳል። ከዛ አፍንጫው የሚቀናበት ፍጥነት ይመጣል። ሳይነሳ ካቆመ ሪጀክትድ ቴክኦፍ ይባላል፣ ተሳፍራችሁ ከገጠማችሁ ስሙ ይሄ ነው።

የቦሌው ነገር ደግሞ ልዩ ነው። ኤርፖርቱ ከባህር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ክንፉንም በደንብ አያነሳም ሞተሩንም በደንብ አያሰራም፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ረጅም መንደርደር ይፈልጋል፣ በዛ ላይ ሊይዝ የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስትሄዱ መንገድ ላይ ለነዳጅ የምታርፉት፣ ስትመለሱ ግን በቀጥታ የምትመጡት ለምንድነው ብላችሁ ከገረማችሁ አንዱ ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ሲኬድ ከፊት የሚገፋው ነፋስ። እናቴ አየር መንገዱ ትራንዚት ሊያስገዛን ፈልጎ ነው ትላለች፣ አስረድቻት አላመነችኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ተነሪፍ የምትባል የስፔን ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ራንዌይ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሞቷል፣ አንዱ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አንዱ የአሜሪካው የፓን አም። የዛን ቀን የጎረቤት ደሴቱ ኤርፖርት ቦምብ ስለፈነዳበት አውሮፕላኖች ሁሉ ወደዚች ትንሽዬ ኤርፖርት ተልከው ተጨናንቃለች፣ ጉም ወርዷል፣ ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ራንዌዩን አያይም፣ አውሮፕላኖቹም እርስ በርስ አይተያዩም። ተቆጣጣሪው ለኬኤልኤም ከተነሳህ በኋላ በዚህ በዚህ ሂድ ብሎ መንገዱን ሲነግረው ውስጡ ቴክኦፍ የምትለው ቃል አለችበት፣ ተነስ ማለቱ ግን አልነበረም። የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ ደግሞ መልሶ ሲያነብለት መጨረሻ ላይ «ዊ አር ናው አት ቴክኦፍ» አለ። እስቲ ይቺን በደረጃ 2 ፈትሿት፣ አት ቴክኦፍ ምን ማለት ነው? ለመነሳት ቦታችን ላይ ቆመናል? ወይስ እየተነሳን ነው? ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን ነው የገባው፣ አውሮፕላኑ ግን እየተንደረደረ ነበር። ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ ብሎት ነበር፣ በዛችው ሰከንድ ፓን አምም ሬድዮ ላይ ስላወራ ድምጹ ተጋጭቶ ኬኤልኤም ጋ በደንብ የደረሰችው ኦኬ የምትለው ብቻ ናት።

ጥፋቱ የቃል ብቻ አይደለም፣ ካፒቴኑ ፈቃድ ሳያገኝ ነው የተነሳው፣ ጉሙም አለ፣ ሬድዮውም አለ። ግን ከዛ በኋላ የመጣው ለውጥ ነው ለኛ የሚጠቅመው፣ በአቪዬሽን ሬድዮ ቴክኦፍ የሚለው ቃል መነሻ ፈቃዱ ሲሰጥና ሲሰረዝ ብቻ ነው የሚጠራው፣ ከዛ ውጪ ስለ መነሳት ሲወራ ዲፓርቸር ነው የሚባለው። አንድን ቃል ከመቶ ቦታ ነቅለው አንድ ቦታ አሰሩት ማለት ነው።

*ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም።* ብዙ ሰዋችን እዚህ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይ። እህቴ ሜሪላንድ ነርስ ናት፣ የመጀመሪያ ሳምንቷ ላይ ቻርጅ ነርሷ፣ የፈረቃው ኃላፊ፣ «ዲድ ዩ ቴክ ኦፍ ዘ ኦርደርስ?» ብላ ስትጠይቃት ኦርደሩን ሰርዘሽዋል ወይ ያለቻት መስሏት ደንግጣ ኧረ አልነካሁትም ብላ መለሰች። ሴትየዋ የጠየቀቻት ዶክተሩ ቻርት ላይ የጻፈውን ትዕዛዝ አንስተሽ መድሃኒት መስጫ መዝገቡ ላይ አስፍረሻል ወይ ነው። ከቻርቱ ላይ ተላቆ ወደ መዝገቡ፣ ልክ እንደኛ ልኬት። መዝገቡን በአህጽሮት ማር ነው የሚሉት፣ ሀበሻ ነርሶች ማሩ ላይ አለ እየተባባሉ ሲያወሩ ለሰማ ሌላ ነገር ይመስላል። አሁን ዶክተሩ ራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባበት ቦታ ስለበዛ አባባሉ እየቀነሰ ነው፣ የነርሲንግ ፈተና መጽሐፍና የድሮ ነርሶች አፍ ላይ ግን አለ።

ሁለተኛው፣ ሰው ዕቃ ሲሆን። «ዘ ዶክተር ቱክ ሂም ኦፍ ዋርፈሪን» ማለት ዋርፈሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድሃኒት አስቆመው ነው። እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉን እዩ፣ የሚላቀቀው ሰውየው ነው፣ የሚላቀቅበት መድሃኒቱ ነው። በአማርኛ ተገላቢጦሽ ነው፣ እኛ ሰውየውን አናስቆምም መድሃኒቱን ነው። ለእናት ለአባታችሁ ስታስተረጉሙ ከዚህ በኋላ አይወስደውም ማለት ነው በሉ፣ ይቀንሰዋል አትበሉ፣ ቀንሶ መውሰድና ማቆም ሌላ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «ዴይ ቱክ ሂም ኦፍ ዘ ቬንቲሌተር»። ይሄ ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ተሽሎት በራሱ መተንፈስ ስለጀመረ ማሽኑ ተነሳለት፣ ወይም ተስፋ ስለሌለው ቤተሰብ ተስማምቶ ማሽኑ ተነቀለ። አንዱ የምስራች አንዱ መርዶ፣ ቃሉ ግን ያው ነው። በስልክ ከሰማችሁት ሳትጮሁ፣ ደስም ሳትሰኙ፣ «ኢዝ ሂ ብሪዚንግ ኦን ሂዝ ኦውን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በራሱ እየተነፈሰ ነው ወይ ማለት ነው። ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ ልጅ ትምህርቱን ትቶ እንዲያስተረጉም አታርጉ፣ አማርኛ ኢንተርፕሪተር እፈልጋለሁ በሉ።

ዲያሊሲስ ያላችሁ ደግሞ «ሃው መች አር ዊ ቴኪንግ ኦፍ ቱዴይ?» ስትባሉ ስለ ልብስ አይደለም፣ ዛሬ ምን ያህል ፈሳሽ ከሰውነት እናውጣ ነው።

*እርሻና ከባድ መኪና።* ፒቲኦ የሚሉትን ነገር የትራክተር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሲተነተን ፓወር ቴክኦፍ ነው፣ ከሞተሩ ላይ ጉልበት አንስቶ ከኋላ ለተቀጠለው መሳሪያ የሚሰጥ ዘንግ። ሲኖትራክ ጭነቱን ሲደፋ የጭነት ሳጥኑን የሚያነሳውም ሃይድሮሊክ በዚሁ መንገድ ነው ጉልበት የሚያገኘው። የትራክተሩ ዘንግ የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 540 ወይም 1000 ዙር ነው። 540 ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ በሰከንድ ዘጠኝ ዙር ነው፣ ጋቢ ወይ የጃኬት ገመድ ከያዘ እጅ ለማውጣት ጊዜ አይሰጥም፣ ስለዚህ ሽፋኑ ከወለቀ አትጠጉት። ቢሮ የምትሰሩ ደግሞ ኤችአሩ አስር ቀን ፒቲኦ አለህ ሲላችሁ ትራክተር አይደለም፣ ደሞዝ የሚከፈልበት ዕረፍት ነው። እንግሊዝ ያለው ተማሪ ደግሞ የፈተና ወረቀት ግርጌ ላይ ፒቲኦ ካየ ገጹን ግለጥ ማለት ነው። ሦስቱም አንድ ቤት ቢገናኙ መከራ ነው።

*ስራ ቦታ።* «አይ ቱክ ፍራይዴይ ኦፍ» አርብን አረፍኩ፣ ኦፍ ወጣሁ። «አይ ቱክ ኦፍ ኦን ፍራይዴይ» አርብ ቀን ሄድኩ። ትንሿ ኦን ናት ልዩነቱን ያመጣችው፣ ሺፍት ስትቀያየሩ በቴክስት ከሆነ ተጠንቀቁ።

*ሱቅ።* ቴክ 20 ፐርሰንት ኦፍ ቀላል ነው። የሚሸውደው «ቴክ አን ኤክስትራ 30 ፐርሰንት ኦፍ» የሚለው ነው፣ አስቀድሞ ግማሽ ዋጋ በሆነ ዕቃ ላይ ሲለጥፉት። 50 እና 30 ተደምሮ 80 አይሆንም፣ 100 ዶላሩ መጀመሪያ 50 ይሆናል፣ ከዛ ሁለተኛው 30 ፐርሰንት የሚነሳው ከ50ው ላይ ነው፣ 35 ትከፍላላችሁ።

*ወጥ ቤት።* ቴክ ኢት ኦፍ ዘ ሂት ካለ ድስቱን አውርዱት ነው፣ እሳቱን ቀንሱ አይደለም። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ብታጠፉትም ግለቱ ስለሚቆይ እዛው ከተዋችሁት ያራል።

*ኢኮኖሚና ስፖርት።* ሮስቶው የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1960 አገር በአምስት ደረጃ ነው የሚያድገው ብሎ ሦስተኛውን ቴክኦፍ ብሎ ሰየመው፣ ከአውሮፕላን ተውሶ፣ ምርታማ ኢንቨስትመንት ከብሔራዊ ገቢው ከ5 ፐርሰንት ወይም ከዛ በታች ተነስቶ ከ10 በላይ ሲወጣ ማለት ነው። ብዙ ተተችቷል፣ ኢኮኖሚክስ የተማረ ግን ፈተና ላይ አያመልጠውም። በዝላይ ደግሞ ቴክኦፍ ስፖርተኛው መሬት የሚለቅባት ቅጽበት ናት፣ የርዝመት ዝላይ መርገጫው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ከፍታ ዝላይ ላይ ደግሞ በአንድ እግር ብቻ ነው መነሳት የሚፈቀደው።

ደረጃ 4፦ ድምጹን ስሙ

ስም ሲሆን ጭነቱ ፊት ላይ ነው፣ *ቴክ*ኦፍ። ግስ ሲሆን ኋላ ነው፣ ቴክ *ኦፍ*። ሲጻፍም ስሙ በአሜሪካ ባንድ ቃል በእንግሊዝ በሰረዝ ተያይዞ ነው፣ ግሱ ግን ሁሌም ሁለት ቃል ነው። ኢሜይል ላይ ተለያይቶ ካያችሁት የሚደረግ ነገር ፈልጉ፣ ተያይዞ ካያችሁት የነገር ስም ነው። በእንግሊዝ ስሙ ሌላ ትርጉምም አለው፣ ሰውን አስመስሎ መቀለድ፣ ኮሜዲያኖቻችን የባለስልጣን ድምጽ ሲያወጡ የሚያረጉት።

ደረጃ 5፦ ራሳችሁ ስትሉት

ስም ከሆነ መሃልም መጨረሻም ይገባል፣ ቴክ ኦፍ ዩር ሹስ፣ ቴክ ዩር ሹስ ኦፍ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ኢት፣ ዘም፣ ሂም የመሳሰሉት ከሆኑ ግን የግድ መሃል ነው የሚገቡት፣ ቴክ ዘም ኦፍ። ቴክ ኦፍ ዘም አይባልም፣ ይሄ ስህተት የኛ ሰው ፊርማ ነው፣ ከማዶ ሆኜ ሰምቼ ሀበሻ ነህ ያልኩት ሰው አለ፣ ነበረም። ሲያልፍ ቱክ ነው እንጂ ቴክድ የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 6፦ ሞክሩት

አንድ ሳምንት የሰማችኋትን ሁሉ ስልካችሁ ኖት ላይ ጻፉ፣ ከጎኑ ሁለት ነገር ብቻ፣ ምን ተላቀቀ፣ ከምን ላይ። አማርኛውን ከዛ በኋላ ነው የምትፈልጉት። እስቲ እነዚህን ሳታዩ መልሱ፦

«ዘ ቢዝነስ ቱክ ኦፍ አፍተር ኮቪድ»፣ ዕቃ የለም፣ ቢዝነሱ ከነበረበት ተላቆ ወደ ላይ ሄደ፣ ደራ።

«ዴይ ቱክ ሚ ኦፍ ናይት ሺፍት»፣ የተላቀቅኩት እኔ ነኝ፣ ከሌሊት ፈረቃው ላይ፣ ቀን አዛወሩኝ ወይ አስቀሩኝ፣ የቱ እንደሆነ ቃሉ አይናገርም።

«ዊ ኒድ ዘ ቴክኦፍ ባይ መንደይ»፣ ተያይዟል፣ ስም ነው፣ የጠየቃችሁ ኮንትራክተር ከሆነ ቅዳሜና እሁዳችሁ ተበላ።

ባለፈው እህቴ «ቴኪንግ ኦፍ ናው» ብላ ቴክስት ላከችልኝ። አዲስ አበባ የምትሄድበት ሳምንት ነው፣ ሺፍትም አላት። ስራ ነሽ ኤርፖርት ብዬ ጻፍኩላት። ቤት ነኝ፣ ዊጌን ነው አለችኝ።